አመለኛ ፈረስና ልጅ



ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ፈረስ ነው። ስሙ ዳማ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከመልኩ ነው። የገዛሁት ልጄ 9 ዓመት ሲሞላት ነበር። ሻጩ «ሕፃን በሆዱ ሥር ይሾልካል፣ ንክች አያደርገውም» ብሎ ማለልኝ። እውነትም ገበያው ላይ እንደ በግ ቆሞ ነበር። ቤት በገባ በሁለተኛው ሳምንት ልጄን ነከሳት። በሦስተኛው ሳምንት ከግቢው በር አልወጣም ብሎ ወደ ኋላ እየተንደረደረ ከአጥሩ ጋር አጣበቃት። በአራተኛው ደግሞ መንገድ ዳር ሣር አይቶ አንገቱን ድንገት ሲደፋ ዛቡ ከእጇ ተመነጨቀ፣ እሷም በአንገቱ ላይ ተንሸራታ ወደቀች። እግዚአብሔር ይመስገን አጥንቷ አልተነካም። ማታ እራት ላይ ግን እንጀራውን በጣቷ እየነካካች «አባዬ፣ ዳማ ይጠላኛል» አለችኝ።

ዛሬ እናንተ ፊት ያቆመችኝ ያቺ ቃል ናት። ከፈረስ ጋር መኖር ከጀመርኩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ የሰው ፈረስ ገርቻለሁ፣ የሰው ልጅም ግልቢያ አስተምሬያለሁ። ለራሴ ልጅ የሰጠኋት መልስ ግን ስሕተት ነበር። «አይጠላሽም፣ ንቆሽ ነው። ነገ አለንጋ ይዘሽ ልኩን አሳዪው» አልኳት። በማግስቱ አለንጋ ይዛ ወጣች። ዳማ ዞረና ኋላውን ሰጣት። የወረወረው እርግጫ ከጉልበቷ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት አለፈ። ያን ቀን የቆምኩበትን ቦታ፣ የፀሐዩን አወራረድ ሳይቀር ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

«ይጠላኛል» ያለችው ልጄ ተሳስታ ነበር። «ንቆሽ ነው» ያልኩት እኔም ተሳስቼ ነበር፤ የእኔው የከፋ ነው፣ ማወቅ ነበረብኝና። ፈረስ ቂም ቋጥሮ፣ ንቀት አስቦ አያድርም። አመል ያወጣ ፈረስ ከሁለት አንዱን ነው የሚያደርገው፦ ወይ ያመመውንና ያስፈራውን ይነግረናል፣ ወይ ሳናውቀው ያስተማርነውን መልሶ ያሳየናል። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ይኸው ነው፤ የቀረው እንዴት እንደምንለየው ነው።

በመጀመሪያ ስለ ፈረሳችን ጥቂት ልበል። በአውሮፓ ለልጅ የሚመረጠውን አጭር ፈረስ ፖኒ ይሉታል። ልኩ ከመሬት እስከ ጫንቃው 148 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከዚያ የማያልፈው ፖኒ ይባላል። በዚያ ልክ ከተለካ የደጋው ፈረሳችን አብዛኛው ፖኒ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ እነሱ ለልጅ ብለው ያረቡታል፣ ለልጅ ብለው ይገሩታል፤ እኛ ዘንድ ግን የልጅ ፈረስ ተብሎ የተለየ የለም። አባት ገበያ የሚሄድበት፣ ታላቅ ወንድም እህል የሚጭንበት፣ ለበዓል ግላስ ለብሶ የሚወጣው፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጅ የሚቀመጥበት ያው አንዱ ፈረስ ነው። ልጅ የሚረከበው ሌሎች ሳምንቱን ሙሉ የሠሩበትን ጀርባ ነው።

ደግሞ ፈረስ በእኛ አገር የክብር ነገር ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለው የተጠሩት በፈረሳቸው ስም ነው። በአዊ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ ያየ ሰው ይህ ክብር ዛሬም ሕያው መሆኑን ያውቃል። እኔም በዚያ ክብር ነው ያደግሁት፣ እወደዋለሁም። ነገር ግን አንድ ጉዳት አለው። ፈረስን ከጀግንነት ጋር ስላያያዝነው «ፈራሁ» የሚል ልጅ እናፍርበታለን። «ወንድ አይደለህም እንዴ?» እንለዋለን፤ ሴት ከሆነች «ድሮስ ፈረስ ለሴት» እንላለን። ልጁም ፍርሃቱን ውጦ ይወጣል፣ የተዋጠው ፍርሃት በእጁና በእግሩ በኩል ወደ ፈረሱ ይሄዳል። «ፈራሁ» የሚል ልጅ ሲያጋጥማችሁ አመስግኑት። ያየውን ነው የነገራችሁ።

ወደ ዳማ ልመለስ። ከዚያ እርግጫ በኋላ ልጄን ከፈረሱ አራቅኋት፣ ፈረሱንም ልሸጠው ወሰንኩ። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት አሉ፤ በጉብዝናቸው ጃን ሜዳ ላይ ጉግስ የተጫወቱ ናቸው። ሊሸኙት መጡና በሩ ላይ ቆመው ጠየቁኝ።

«የሚናከሰው ሲጫን ነው ሲጋለብ?»

«ሲጫን ነው፣ አባባ።»

«ድብዳቡ ሲያርፍበት ነው፣ ወይስ ጠፍሩ ሆዱን ሲይዘው?»

መመለስ አቃተኝ። አንድ ወር ሙሉ ተነክሰናል፣ መቼ እንደሚነክስ ግን ልብ ብዬ አላየሁም ነበር። «ልጄ፣ አመሉ የሚመጣበትን ሰዓት ሳታይ አመሉን እንዴት ታስለቅቀዋለህ?» አሉኝ። ቀጥለው ዳማ ወዳለበት ሄዱ፣ ፊት ለፊቱ ሳይሆን ከትከሻው ወገን ቆሙ፣ እስኪያሸታቸው ጠበቁት፤ ከዚያ አውራ ጣታቸውን ከጫንቃው ጀምረው በጀርባው አጥንት ጎንና ጎን ቀስ እያሉ አስኬዱ። ከጫንቃው አንድ ስንዝር ያህል ወደ ኋላ ሲደርሱ ቆዳው ተርገፈገፈ፣ ጀርባው ሰመጠ፣ ሁለቱ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ተለጠፉ። ጣታቸውን አነሡ፤ ጆሮው ተመለሰ። ደግመው አስቀመጡ፤ ተለጠፈ። «ተመልከት» አሉኝ። ፀጉሩን ገለጥ ሳደርገው በዚያ ቀይ ገላ ላይ በግራም በቀኝም የሳንቲም ስፋት ያለው ነጭ ፀጉር አየሁ። ኮርቻ የጨቆነው ቁስል ሲድን በላዩ የሚበቅለው ፀጉር ነጭ ሆኖ ይቀራል። ፈረሱን ስገዛ ያንን ነጭ ነጥብ አይቼው ነበር፤ የመልኩ ጌጥ መስሎኝ ነበር።

የእንጨት ኮርቻችን ሲስማማ ጥሩ ነው። ለአንዱ ጀርባ ተለክቶ የተሠራው ሌላው ላይ ሲጫን ግን አጥንት ላይ ያርፋል። ድብዳብ መደራረብ አያድነውም፤ ጠባብ ጫማ ላይ ሁለት ካልሲ እንደ መደረብ ነው። ክብደትም አለ። ብዙ ባለሙያዎች የሚቀበሉት ልክ የተቀማጩና የኮርቻው ክብደት ተደምሮ ከፈረሱ ክብደት 20 በመቶ እንዳያልፍ ነው። ዳማ 220 ኪሎ ቢመዝን ልኩ 44 ኪሎ ነው። ልጄ ከነኮርቻዋ ለዚያ አትደርስም። የእህቴ ልጅ ግን ጎልማሳ ነው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ወፍጮ ቤትም ገበያም የሚላከው በዳማ ነበር። የእሱን ክብደት ስድስት ቀን ተሸክሞ በሰባተኛው ቀን በተቆጣ ጊዜ ቁጣውን የተቀበለችው ልጄ ናት።

በማግስቱ የእንስሳት ሐኪም አስመጣን፣ አፉንም አየ። ይህን ብዙ ሰው ስለማያውቀው ትንሽ ልቆይበት። የፈረስ ጥርስ እንደ ሰው ጥርስ አድጎ አይቆምም፤ በዓመት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ከድዱ ይወጣል፣ ሣር ሲያኝክም ይሟሸሻል። የላይኛው መንጋጋ ከታችኛው ስለሚሰፋ ግን እኩል አይሟሸሽም። የላይኞቹ መንጋጋዎች በጉንጭ በኩል፣ የታችኞቹ በምላስ በኩል እንደ ቢላ የሰላ ጠርዝ ያወጣሉ። ልጓም ገብቶ ዛቡ ሲሳብ ጉንጩ በዚያ ስለት ላይ ይጫናል። ሐኪሙ ማደንዘዣ ከሰጠው በኋላ አፉን ከፍቶ ባትሪ አበራልኝ። በቀኝ ጉንጩ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ቁስል ነበር፣ ከኋላውም ሌላ አሮጌ ጠባሳ። ስለቱን በሞረድ ሞርዶ አስተካከለው፤ አንድ ሰዓት አልፈጀም።

እዚያ ቆሜ ትዝ ያለኝ የልጄ ንግግር ነው። ከመውደቋ ሳምንት በፊት «አባዬ፣ ዳማ ድርቆሹን አኝኮ አኝኮ ይተፋዋል» ብላኝ ነበር። «ቀብጦ ነው» ብያት አለፍኩ። በግማሽ የታኘከ ድርቆሽ እንደ ኳስ ተጠቅልሎ ከግርግሙ ሥር ስታገኙ የጥርስ ሕመም ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። ልጆች ከፈረሱ ጋር ብዙ ሰዓት ስለሚቆዩ እኛ ያላየነውን ያያሉ። ስሟቸው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ትናንት ደህና የነበረ ፈረስ ዛሬ ድንገት ጠባዩ ከተለወጠ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ያገኘውን ሁሉ ለመንከስ ከቃጣ አፉን ከፍታችሁ እንዳታዩ። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን አለ፣ ፈረስንም ይይዛል። ልጆቹን አርቁ፣ ፈረሱን ለብቻው አድርጉ፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። የተነከሰ ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ይታጠብና ሳይውል ሳያድር ሐኪም ቤት ይሂድ። ይህ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳን አይቻልም ማለት ይቻላል፤ የሚቻለው አስቀድሞ መከተብ ነው።

ስለ ሕመም ሌላም ልጨምር። ሱ ዳይሰን የተባለች እንግሊዛዊት የፈረስ ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር ሲጋለብ የሚያመውን ፈረስ መለያ 24 ምልክቶች አውጥታለች፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ጆሮ ወደ ኋላ ተለጥፎ መቆየት፣ አፍ ደጋግሞ መክፈት፣ ጭራ ማወናጨፍ፣ መደናቀፍ፣ ወደ ፊት አልሄድም ማለት ከምልክቶቹ ውስጥ ናቸው። በአንድ ግልቢያ 8 ወይም ከዚያ በላይ ከታዩ ፈረሱ የጡንቻ ወይም የአጥንት ሕመም ሊኖርበት እንደሚችል ተረዳች። ከእነዚህ ስንቱን ነው እኛ «ጥጋብ» ብለን የምንጠራው?

ጥጋብም ቢሆን የለም አልልም። የፈረስ ጨጓራ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ የተፈጠረው ቀኑንም ሌሊቱንም ጥቂት በጥቂት ሣር እየነጨ እንዲውል ነው። አንዳንዶቻችን ግን ሥራ የሌለውን ፈረስ ጠዋት አጭር ገመድ ላይ እናስረዋለን፣ ማታ ገብስና ፉርሽካ እንሰጠዋለን፣ እሑድ ልጅ እናስቀምጥበታለን። ስድስት ቀን የተጠራቀመ ጉልበት በሰባተኛው ቀን በልጁ ላይ ይወጣል። ሥራ ለማይሠራ ፈረስ ገብስ አያስፈልገውም። ጥሩ ድርቆሽ፣ ግጦሽ፣ ጨው፣ ንጹሕ ውሃ ይበቃዋል። ብቻውን አትሰሩት። ፈረስ የመንጋ እንስሳ ነው፤ ብቻውን ሲቀር ማንም ዘብ የማይቆምለት ይመስለዋል።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል ደረስን። ጀርባው እስኪያገግም አንድ ወር ከመንፈቅ ሳንጭነው ቆየን፣ ኮርቻውን ቀየርን፣ የአፉ ቁስል ዳነ። መናከሱ ቀስ በቀስ ቀረ። ከበሩ አልወጣም ማለቱና ሣር ላይ መደፋቱ ግን አልቀሩም። አሁን የሚያመው ነገር የለም፤ የቀረው የተማረው ነው። ያስተማርነውም እኛ ነን።

ፈረስ የሚማረው ስንጎትተው አይደለም፣ ስንለቅለት ነው። ዛቡን ስትስቡ ጫና ይሰማዋል፣ ጫናውን ለማቆም አንድ ነገር ይሞክራል። በሞከረው ቅጽበት ብትለቁለት «ለካ መልሱ ይኸ ነው» ይላል፤ ነገም ያንኑ ያደርጋል። ይህ ሕግ እኛ ስንፈልገው ብቻ አይደለም የሚሠራው፣ ሁልጊዜ ይሠራል። በሩ ላይ የሆነውን አስቡት። ዳማ ወደ ኋላ ይላል፣ ልጄ ትደነግጣለች፣ እናቷ ትጮኻለች፣ እኔ እሮጣለሁ፣ ልጅቷ ትወርዳለች፣ ኮርቻው ይፈታል፣ ፈረሱ ወደ ጥላው ይመለሳል። ከዳማ ወገን ሆናችሁ ስታዩት ወደ ኋላ ማለት ኮርቻ ያስፈታል። ሣሩም እንዲሁ ነው፤ አንገቱን ሲደፋ ዛቡ ይለቀቃል፣ አፉ በሣር ይሞላል። ደመወዙን በየቀኑ የከፈልነው እኛው ነን። ደመወዝ እየከፈሉ ሠራተኛውን «ለምን ትሠራለህ» ብሎ መምታት ግፍ ነው።

እንዴት አስተውነው? ልጄ አይደለችም ያስተወችው፤ ይህንን አደራ ልብ በሉልኝ። የተበላሸ ፈረስ ማረም የልጅ ሥራ አይደለም። የሚያውቅ ትልቅ ሰው ያርማል፣ ልጅ የታረመውን ይረከባል። ሦስት ሳምንት እኔ ራሴ ከመሬት ሆኜ በአፍሳር ይዤ ወደ በሩ አስኬድኩት። በሩ 12 እርምጃ ቢርቅ ዳማ የሚቆመው ዘጠነኛው ላይ ነበር። ስለዚህ እኔ ሰባተኛው ላይ አቆምኩት። ሳይቆም ማቆም ማለት ነው። ገመዱን አላላሁ፣ አንገቱን አሻሸሁት፣ ተመለስን። በማግስቱ ስምንተኛው። አራተኛው ቀን ላይ ቸኮልኩና አስረኛ ላይ ልወስደው ስል እግሩን ተከለ። አልጎተትኩትም፤ 220 ኪሎ ጎትቶ የሚያሸንፍ ሰው የለም። ገመዱን ሳላጠብቅ ሳላላላ ይዤ ጠበቅሁ። ከደቂቃ በኋላ የፊት ቀኝ እግሩን ሊያነሣ ክብደቱን ወደ ግራ ሲያዞር አየሁ፤ ገና ሰኮናው ሳይነሣ ለቀቅሁለት። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፣ ከንፈሩን ላሰ። ቀጥሎ በራሱ አንድ እርምጃ መጣ።

በሩን ስንወጣ ደግሞ ነገሩን ገለበጥነው። ሥራው ግቢ ውስጥ ሆነ፣ ዕረፍቱ ውጭ። ግቢው ውስጥ ዙሪያውን በሶምሶማ እናስኬደዋለን፤ ከበሩ ውጭ ያለችው ዛፍ ሥር ስንደርስ ኮርቻው ይፈታል፣ ይግጣል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አህያችንን ከፊት አስቀደምንለት፤ ጓደኛው እሷ ነበረችና ከኋላዋ ወጣ። በሦስተኛው ሳምንት ወደ በሩ የሚጎትተን እሱ ሆነ።

ለሣሩ ልጄን ያስተማርኳት አንድ ነገር ነው፦ አንገቱ ከተደፋ በኋላ ሳይሆን ሊደፋ ሲያስብ ማየት። ሊደፋ ሲል አንድ ጆሮው ወደ ሣሩ ይዞራል፣ እርምጃው ያጥራል። በዚያች ቅጽበት አንዷን እጅ አጠር አድርጎ ወደ ላይ፣ ሁለቱን ተረከዝ ወደ ሆዱ፣ ዓይንን ወደ ሩቅ ዛፍ። እንደ ተራመደ መልቀቅ። ጉልበቷ ላልበቃበት ጊዜ ከልጓሙ እስከ ኮርቻው የሚደርስ ቀጭን ገመድ አሰርንለት፤ አንገቱን እንደ ልቡ እየዘረጋ ይሄዳል፣ መሬት ድረስ ግን አይደርስም። እንግሊዞች ለልጆች ፖኒ የሚያደርጉት ነው። በገመዱ ምክንያት ሣሩ ደመወዝ መክፈል አቆመ፤ ከሁለት ወር በኋላ ፈታነው።

ዱላውስ? ብዙዎቻችሁ ይህን ልትጠይቁኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ፈረስ ቅጣትን ከጥፋቱ ጋር የሚያገናኘው እዚያው በዚያው ሲሆን ብቻ ነው፤ ደቂቃ ካለፈ የተመታበትን አያውቀውም። ያመመውን ብትመቱት ሕመም ትጨምራላችሁ፣ የፈራውን ብትመቱት በደንባራ በቅሎ ቃጭል ተጨምሮ ነው። ከ2300 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ስለ ፈረስ አያያዝ የጻፈው ግሪካዊው ዜኖፎን፣ የጦር ሰው ሆኖ ሳለ፣ በንዴት ወደ ፈረስ መቅረብን አጥብቆ ይከለክላል።

ስለ እናንተ ስለ ወላጆችም ልናገር። በስዊድን የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አለ። ሰዎች ፈረስ እየሳቡ ወይም ተቀምጠውበት አንዱን መንገድ አራት ጊዜ እንዲመላለሱ ተደረገ። ከአራተኛው በፊት «አሁን ስታልፉ ጃንጥላ ይከፈታል» ተባሉ። ጃንጥላው አልተከፈተም። የሰዎቹ የልብ ምት ግን ጨመረ፣ የፈረሶቹም አብሮ ጨመረ። ስለ ጃንጥላ ለፈረሶቹ የነገራቸው የለም። ከዚያ 100 ዓመት ቀደም ብሎም በርሊን ውስጥ ሀንስ የተባለ ፈረስ ሒሳብ ይሠራል ተብሎ ነበር፤ መልሱን በሰኮናው እየመታ ይቆጥራል። ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ሲመረምረው ጠያቂው መልሱን ካላወቀ ፈረሱም እንደማያውቅ ደረሰበት። ሀንስ ያነበበው የጠያቂውን ጭንቅላት ቅንጣት ታህል መነቅነቅ ነበር። እንግዲህ አጥሩ ላይ ቆማችሁ፣ እጃችሁን ራሳችሁ ላይ ጭናችሁ «ኧረ ተጠንቀቂ! ኧረ ያዢው!» ስትሉ ልጅቷ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ጉልበቷ ይጠብቃል፣ ፈረሱም የሚፈራ ነገር እንዳለ ያውቃል። እኔ ልጄን ስትቀመጥ እንድትዘፍን አደረግኋት። የሚዘፍን ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልም። የትምህርት ቤት መዝሙሯን ስትዘፍን የዳማ ጆሮ አንዱ ወደ እሷ፣ አንዱ ወደ መንገዱ ሆኖ ይሄዳል።

የማልደራደርባቸውን ነገሮች ላፍጥናቸው። ልጅ ያለ ራስ ቁር አይቀመጥም። ጫማው ተረከዝ ያለው ይሁን፣ እግሩ ከእርካቡ ውስጥ ሾልኮ እንዳይቀረቀር። የፈረስ ገመድ በእጅ አንጓ ወይም በወገብ ላይ አይጠመጠምም፤ ይህን እረኛ ልጆች ሁሉ ያደርጉታል፣ ፈረሱ የበረገገ ዕለት ይጎተታሉ። ፈረስ ዙሪያውን ያያል ለማለት ይቻላል፤ የማያየው አፍንጫው ሥር ያለውንና ልክ ከኋላው የቆመውን ነው፣ ስለዚህ በትከሻው በኩል፣ እያናገራችሁት ቅረቡት። ድንጉላ ለልጅ አይሰጥም። በሁለት እግሩ የሚቆም፣ አሳድዶ የሚነክስ ፈረስ ካላችሁ ደግሞ ነገ ሳይሆን ዛሬ ልጁን አውርዱ። ሁሉም ፈረስ የልጅ ፈረስ አይሆንም፤ ይህን ማመን ለፈረሱም ፍትሕ ነው። ከሸጣችሁት ግን ያለውን ሁሉ ተናግራችሁ ሽጡት። ዳማ ገበያ ላይ እንደ በግ የቆመው ሌሊቱን ሲነዳ አድሮ ደክሞ እንደ ነበር የሰማሁት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ፈረስ ስትገዙ ያደረበት ቤት ሄዳችሁ እዩት፤ ሲጫን እዩት፣ ሲበላ እዩት፣ ብቻውን ከበሩ ሲወጣ እዩት።

ልጄ ዘንድሮ 12 ዓመቷ ነው። ቁመቷ ጨመረ፣ ክብደቷም ወደ ልኩ ተጠጋ። ዳማን ባለፈው ወር ለጎረቤታችን የ8 ዓመት ልጅ ሰጠነው። በዋዜማው ከደብተሯ አንድ ቅጠል ገንጥላ የጻፈችው አለ፤ እንዳነብላችሁ ፈቅዳልኛለች።

«ዳማ ጀርባው ላይ ሁለት ነጭ ቦታ አለው፤ ድብዳቡ እዚያ ላይ እንዳይጨማደድ። ጠፍሩን በአንድ ጊዜ አታጥብቀው፤ ትንሽ አጥብቅ፣ አስኪደው፣ ከዚያ ድገመው። ጥርሱን ዓመት ሲሞላ ሐኪም ይየው፤ ድርቆሽ ከተፋ ግን ዓመቱን አትጠብቅ። ጃንጥላ አይፈራም፣ የሚበር ፌስታል ግን ይፈራል። ከበሩ ስትወጣ አትጎትተው፣ ጠብቀው፣ ይመጣል። አህያዋን ይወዳታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አምጣውና ይያት።»